መካሪውም ሻጩም አንድ ሰው ሲሆን

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ለመግዛት የሚነሳ ጀማሪ የሚያገኘው ምክር በአብዛኛው ምክር አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። መካሪው ራሱ ሻጭ ነው፣ ወይም የሻጩ ጓደኛ ነው፣ ወይም አሮጌ ካሜራውን አራግፎ አዲስ መግዛት የሚፈልግ ሰው ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሁሉም በዝምታ ያልፈዋል። ኪሳራው ግን ሁልጊዜ የሚያርፈው ከሁሉም ያነሰ ገንዘብ ባለው ሰው ላይ ነው።

ነገሩ መሬት እንዲይዝ ሳንሱሲን መውሰድ ይበቃል። ሳንሱሲ ከዊንጌት በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ፣ ሆለታና አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኝ ሰፈር ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ስሙን «ሐሳብ የለሽ» ብሎ ሊፈታው ይችላል። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ነዋሪ ግን በዚህ ትርጉም የሚስማማ አይመስልም። እዚህ ሰፈር የሚኖር፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርስ፣ ፎቶ ማንሳት የሚወድ አንድ ወጣት አለ እንበል። ስም አያስፈልገውም፤ በየሰፈሩ አለና። ስልኩ በፎቶ ተሞልቷል። የጎረቤት ክርስትናና ልደት የሚያነሳው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ የሚወደው ግን ወፍ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ማልዶ ተነስቶ ገፈርሳ ድረስ ይሄዳል። በስልክ የተነሳ ወፍ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል፤ ነጥብ ነው። ስለዚህ ካሜራ ልግዛ ብሎ አሰበ።

ካሜራ የያዘ ሰው ፍለጋ ይወጣል። በሰፈሩ ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰርግ የሚያነሳ ባለሙያ ነው። «ብሮ፣ ካሜራ ልገዛ ነበር፣ ምን ትመክረኛለህ?» ሲል የሚመለስለት «ስንት ይዘሃል?» የሚል ጥያቄ ነው። «ምን ልታነሳ አስበሃል?» የሚለው የለም። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚያደርሱት ለየቅል ነው። «ስንት ይዘሃል?» ከኪስ ይጀምራል፤ ኪስ ባዶ ሲሆን ያበቃል። «ምን ልታነሳ ነው?» ግን አንዳንዴ «እንግዲያው ለጊዜው መግዛት አያስፈልግህም» ወደሚል መልስ ያደርሳል። ሻጭ ይህን መልስ አይወደውም።

ወጣቱ የያዘውን ሲናገር የሚከተለው ደግሞ በቃል የተጠና ይመስላል። «ከገዛህ አይቀር ፉል ፍሬም ግዛ፤ ክሮፕ ብር ማባከን ነው።» ከዚያ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፦ «እኔ ጋ አንድ አለ፣ ብዙም አልተሠራበትም።»

ለማያውቅ አንባቢ፣ ፉል ፍሬም የሚባለው ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ በድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ያለ የአንድ ፎቶ መጠን ማለት ነው። ክሮፕ የሚባለው ያንሳል፤ በካኖን 22 በ15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ትልቁ ሴንሰር ብርሃን በጎደለበት ቦታ የተሻለ ይሠራል፤ ፊት ለፊት ያለውን አጥርቶ ከጀርባ ያለውን ማደብዘዝም ይቀለዋል። ይህን የሚክድ የለም። ያልተጠየቀው ጥያቄ ለማን ይጠቅማል የሚለው ነው።

ወደ ገፈርሳ እንመለስ ቢባል የምክሩ ጉድ ይወጣል። ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት ግድቦች አንዱ ነው፤ ወፍ የሚያዩ ሰዎች ከሩቅ አገር ሳይቀር የሚመጡበት ውኃም ነው። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የማይገኘው ብርቅዬ ዝይ እዚያ ይታያል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ረጅም ሌንስ ነው። አሁን ሒሳቡን ማየት ነው፦ የካኖን 55–250 የሚባለው ርካሽ ሌንስ በክሮፕ ካሜራ ላይ ሲገጠም፣ 250 በ1.6 ተባዝቶ፣ በፉል ፍሬም ላይ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚሰጠውን እይታ ይሰጣል። ፉል ፍሬም የገዛ ሰው ያንኑ ወፍ በዚያው መጠን ለማግኘት እውነተኛ የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ መግዛት አለበት፤ ያ ሌንስ ደግሞ ከቦዲው ሊወደድ ይችላል። ይባስ ብሎ 55–250ው ለክሮፕ ብቻ የተሠራ ስለሆነ የካኖን ፉል ፍሬም ዲ ኤስ ኤል አር ላይ ጭራሽ አይገጥምም።

ስለዚህ ምክሩ ውድ ብቻ ሳይሆን ስህተትም ነበር። ወፍ ለሚወድ ልጅ «ፉል ፍሬም ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ግዛ» ማለት፣ ዓሣ ሊያጠምድ ለሄደ ሰው ማረሻ እንደ መስጠት ነው። ማረሻው ጥሩ ማረሻ ሊሆን ይችላል። ዓሣ ግን አይይዝም።

ይህን ምክር የሚሰጠው ሰው ሁልጊዜ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚመክረው የራሱን ሥራ ነው። ሰርግ የሚያነሳ ሰው በማታ፣ መብራቱ በደከመ አዳራሽ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ያነሳል። ለእሱ ትልቅ ሴንሰር እንጀራው ነው። ሁለት ሜሞሪ ካርድ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ካሜራም ለእሱ ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ የሰው ሰርግ ዳግም አይደገስም። ካኖን 6ዲ አንድ ካርድ ብቻ ይይዛል፣ 5ዲ ማርክ 3 ሁለት ይይዛል፤ ለሰርግ ባለሙያ ይህ ልዩነት ከሴንሰር መጠን ይበልጣል። የሚያስገርመው ይህን እውነተኛ ምክር ለጀማሪው የሚነግረው እምብዛም አለመኖሩ ነው። ቅን የሆነው መካሪ የራሱን ፍላጎት የሌላው ፍላጎት ያደርገዋል። ቅን ያልሆነው ደግሞ ያንኑ ቃል ተውሶ ዕቃውን ይሸጥበታል። ጀማሪው ሁለቱን መለየት አይችልም፤ የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነውና።

እንግዲህ የገንዘቡን ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ ከዝንባሌ ወደ ቤተሰብ ችግር የሚሸጋገረው እዚህ ላይ ነው።

ካሜራ እዚህ አገር አይሠራም። የሚገባው በዶላር ነው፤ ብዙው በመንገደኛ ሻንጣ፣ ብዙው ያገለገለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው፣ ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሲሞላው ከ130 ብር አልፏል። ውጭ አገር 1,000 ዶላር የሚያወጣ ቦዲ በባንክ ሒሳብ ብቻ ከ57,000 ብር ወደ 130,000 ብር ሄደ ማለት ነው፤ ቀረጡ፣ ማመላለሻውና የሻጩ ትርፍ ሳይጨመር። የማንም ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልሄደም።

ምክሩ ግን አልተለወጠም። «ርካሽ ሁለት ጊዜ ያስገዛል» የሚለው አባባል ዛሬም ይነገራል። ለጫማ ልክ ሊሆን ይችላል። ካሜራ ላይ ግን ያገለገለ ርካሽ ቦዲ የገዛ ሰው ከዓመት በኋላ ቢሸጠው የሚያጣው ትንሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ ውዱን የገዛ ሰው ፎቶ ማንሳት እንደማይወድ ያወቀ ዕለት የሚያጣው ብዙ ነው። ጀማሪ ደግሞ ይወደው እንደሆነ ገና አያውቅም። ለዚህም ነው ጀማሪ የተባለው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ባንክ ለካሜራ መግዣ ለወጣት በቀላሉ አያበድርም። የሚቀረው ዕቁብ ነው። የሳንሱሲው ወጣት በየሳምንቱ የሚጥለው ዕቁብ አለ እንበል፤ ዕጣው ሲወጣለት ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ግን ዕቁብ ስጦታ አይደለም። ቀድሞ የወጣለት ሰው የሚቀረውን ዙር ሁሉ መጣል አለበት፤ ገንዘቡን ሲወስድም ዋስ ይጠራል። ዋሱ ብዙ ጊዜ እናት ናት፣ ወይም ሱቅ ያለው አጎት ነው። ካሜራው በሦስተኛው ወር ቢበላሽ ዕቁቡ አይቆምም። ልጁ መጣል ካቃተው ዳኛው የሚሄደው ወደ ዋሱ ነው። «ከገዛህ አይቀር» ያለው መካሪ በዚያን ሰዓት የለም። ዋስ ሆኖ አልፈረመም፤ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል።

ጀማሪው ሲያመነታ ደግሞ የሚወጣ የመጨረሻ ካርድ አለ፦ «አትፍራ፣ በሁለት ሰርግ ይመልሰዋል።» ከዚህ በላይ ብዙ ሰው ያከሰረ ዓረፍተ ነገር በካሜራ ገበያ ውስጥ ያለ አይመስልም። በዚህች ዓረፍተ ነገር የልጁ መዝናኛ ሳያስበው ንግድ ሆነ። ወፍ የሚወደው ልጅ በድንገት የሰርግ ድርጅት ባለቤት ሆኖ ተሾመ። ሰርግ ግን ቦዲ ብቻ አይፈልግም። ተጠባባቂ ካሜራ፣ ፍላሽ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ፎቶ የሚያስተካክልበት ኮምፒውተር፣ ማከማቻ ሀርድ ዲስክ፣ አልበም የሚያትምበት ገንዘብ ይፈልጋል። ሁሉንም ቢያሟላ እንኳ ሙሽሮች ሥራቸውን ከማያውቁት ልጅ ጋር ውል አይገቡም፤ አንድ ቀን ነው፣ ማን ይሞክርበታል? በዚያ ላይ ሰርግ ወቅት አለው። በጥር ይሞቃል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የኦርቶዶክሱ ሰርግ ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። በየካቲት መጨረሻ ካሜራ የገዛ ልጅ የመጀመሪያውን ሰርግ እስኪያገኝ ዕቁቡን ከየት ይጥላል? መካሪው ይህን የቀን መቁጠሪያ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከጥር በኋላ ካሜራውን ለመሸጥ የቸኮለውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ ካሜራ መሸጥ ነውር የለውም። ነውሩ የተደበቀው ነገር ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ውስጥ ከገባ ወዲህ ምንም ማለት መሆኑ ቀርቷል። የካሜራ ቦዲ ሹተር አለው፤ ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ ነው፤ ዕድሜም አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ለ150,000 ጊዜ የተመዘነ ነው። በአንድ ሰርግ 3,000 ጊዜ ከተተኮሰ በ50 ሰርግ እዚያ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በዕለቱ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ አልፈው ይሄዳሉ፤ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ዕድል ነው። ሻጭ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ሲጠየቅ «አይታወቅም» ይላል። በኒኮን ላይ ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ውሸት ነው፤ ቁጥሩ ካሜራው ባነሳው ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ አንድ ፎቶ አንስቶ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ማየት ይበቃል። በካኖን ላይ ግን በአብዛኛው ፋይሉ ውስጥ ስለማይጻፍ ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አሥር ደቂቃ የማይሰጥ ሻጭ ለምን እንደቸኮለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌንስም እንደዚያው። በክረምት እርጥበት ውስጥ በቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያወጣል፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጭን ነገር በመስታወቱ ውስጥ ይታያል። በቀን ብርሃን ላይታይ ይችላል፤ የስልክ ባትሪ አብርቶ ከኋላ በኩል ማየት ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጣቸው የሌንስ ማንቀሳቀሻ ሞተር የለም፤ ስለዚህ የድሮዎቹ የኒኮን ሌንሶች ሲገጠሙባቸው ራሳቸው ፎከስ አያደርጉም፤ በእጅ ማዞር ነው። ይህን ሳይነግሩት አንዱን ከአንዱ ጋር «ፓኬጅ» አድርገው የሸጡለት ልጅ ቤቱ ገብቶ «ካሜራው ተበላሸ» ብሎ ያለቅሳል። አልተበላሸም። ሲሸጥለት ጀምሮ እንዲያ ነበር።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለት የሽማግሌ ወግ ይመስላል፤ ግን አንድ ነገር በእርግጥ የተለየ ነበር። ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ካነሱት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሥራውን ከወረሱት ልጆቻቸው ጀምሮ፣ ኋላም በየከተማው እስከተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ድረስ፣ ሙያው የተላለፈው ከጌታ ወደ ለማጅ ነበር። ለማጁ መጀመሪያ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ይቆርጣል፤ ካሜራ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሥርዓት በደል አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ለማጅን ለዓመታት በነጻ ያሠራ ሞልቷል። ነገር ግን የፎቶ ቤቱ ባለቤት የሚሸጠው ፎቶ ነበር። ለማጁ ውድ ካሜራ ቢገዛ ባለቤቱ የሚያገኘው ነገር አልነበረም፤ ለማጁ ጥሩ ፎቶ ቢያነሳ ግን ያተርፍ ነበር። ስለዚህ ምክሩ ስለ ፎቶ ነበር፤ ብርሃኑ ከየት ይምጣ፣ ሰውየው አገጩን ከፍ ያድርግ፣ ልጅቷ ትንሽ ወደ ጎን ትዙር። የዛሬው መካሪ የሚሸጠው ካሜራ ነው። ምክሩም ስለ ካሜራ ሆነ።

በፊልም ዘመን ደግሞ ስህተት ራሱ ያስተምር ነበር። አንድ ጥቅል የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ ሰፊው ፊልም በአራት ማዕዘን ካሜራ 12 ብቻ ይሰጣል። 12 ጊዜ ብቻ የሚተኩስ ሰው ከመተኮሱ በፊት ያያል። ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰቡ የከተማዋን አሮጌ ፎቶዎች የያዘውን «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘ መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ይህን ያየዋል። ሱፍ ለብሰው መኪና ተደግፈው የቆሙ ጎረምሶች፣ ፀጉራቸውን ያበጠሩ እህትማማቾች። አንድም አንባቢ «በምን ካሜራ ነው የተነሳው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠየቀው «ይቺ ማን ናት? አሁን የት ናት?» ነው።

የቅርቡን ጊዜ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ግርማ በርታ አለ። በራሱ ጥረት ፎቶ የተማረው ይህ አዲስ አበቤ በመንገድ ላይ የሚያያቸውን ሰዎች፣ ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ መንገደኛውን በአይፎን እያነሳ፣ ከጀርባቸው ያለውን ከተማ አስወግዶ በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ አቆማቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. ጌቲ ኢሜጅስ ከኢንስታግራም ጋር የሰጠውን 10,000 ዶላር ድጋፍ ካገኙት ሦስት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆነ፤ ሁለቱ የህንድና የኡራጓይ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «እንግዲያው አይፎን ግዛ» የሚል ሌላ መካሪ ወዲያው ይነሳልና። አይፎንም ርካሽ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ሰውየው የያዘው መሣሪያ የሚችለውንና የማይችለውን አውቆ ሥራውን ለዚያ መሣሪያ ቀረጸው። የስልክ ካሜራ የጀርባውን ትርምስ ማደብዘዝ ካልቻለ፣ ትርምሱን ጭራሽ አወጣው። ሚካኤል ፀጋዬም ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም ጤናውን ስለነሳው ወደ ፎቶ የዞረ ነው፤ ካሜራ ከመያዙ በፊት ማየት ተምሯል። ይህ በዱባይ ሻንጣ አይመጣም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ መካሪዎች ፈጽሞ የማያነሱት። አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ምን ያህል ትልቅ ነው የሚለው ጥያቄ የመንገድ ጥያቄ ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው ማንም አያየውም። ጥቁር ትልቅ ቦዲ ከነረጅም ሌንሱ ያወጣ ሰው ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው አንድ ጥበቃ «ፈቃድ አለህ? ለማን ነው የምታነሳው?» ይለዋል። ባንክ አጠገብ፣ የመንግሥት ቢሮ አጠገብ፣ ድልድይ አጠገብ እንዲህ ነው። የመጠጥ ውኃ ግድብ አጠገብም ረጅም ሌንስ ደግኖ መቆም ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም፤ ወፍ ነው የማነሳው የሚል መልስ ሁሉንም አያሳምንም። ጥበቃውን መስደብ አያዋጣም፣ እሱም ታዝዞ ነው። ግን ይህ ሁሉ ካሜራ ሲመረጥ መታሰብ አለበት። መንገድ ላይ ሰው ማንሳት ለሚፈልግ ልጅ ትንሽ ቦዲ ከትንሽ ሌንስ ጋር ከየትኛውም ፉል ፍሬም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከቦርሳ ይወጣል። ዋጋውን እያሰበ፣ ሌባ እየፈራ፣ ጥበቃ እየፈራ ቤት የሚያስቀምጠው ካሜራ የሳጥን ጌጥ ነው። አልጋ ሥር በጨርቅ ተጠቅልለው የተቀመጡ ስንት ጥሩ ካሜራዎች በዚህ ከተማ እንዳሉ ቢቆጠር ያሳፍር ነበር።

መካሪዎቹ የሚሰጡት መልስ ይታወቃል። «እኛ ማንንም አላስገደድንም፤ የገዛው ፈልጎ ነው።» እውነት ነው፣ ማንም አላስገደደም። ሐኪም መስሎ መድኃኒት የሚሸጥ ሰውም አያስገድድም። ችግሩ የታመነበት ነገር ነው። ልጁ ወደ ሱቅ አልሄደም፤ ወደ ታላቅ ወንድም ነው የሄደው። ሱቅ ቢሄድ ኖሮ ይጠነቀቅ ነበር፣ ዋጋ ያስቀንስ ነበር፣ ሦስት ቦታ ይጠይቅ ነበር። «ብሮ» ሲባባሉ ጥንቃቄው ይወድቃል። ደላላ እንኳ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ደላላ መሆኑን አይደብቅም።

ስለዚህ ጥያቄው ከባድ አይደለም። ካሜራ የሚመክር ሰው የሚሸጠው ነገር ካለው ወይም ከሽያጩ የሚደርሰው ካለ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገር። «እኔ የምሸጠው አለኝ፣ ይህን አውቀህ ስማኝ» ማለት አፍ አይሰብርም። በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጡትም የሹተሩን ቁጥር ከዋጋው ጎን ይጻፉ፤ የመኪና ሻጭ ኪሎ ሜትር ይጽፍ የለ? ሰርግ የሚያነሱት ባለሙያዎች ደግሞ ለጀማሪ ሊያደርጉት የሚችሉት ከምክር የተሻለ ነገር አላቸው፦ ማከራየት። ሌንስም ቦዲም ለሰርግ በቀን እንደሚከራይ ሁሉም ባለሙያ ያውቃል፤ ራሱም ሲጎድለው ይከራያል። ለጀማሪው ግን «ተከራይተህ ሞክር» የሚለው ጥቂት ነው። የአንድ ቅዳሜ ኪራይ ልጁ ረጅም ሌንስ እንደሚያስፈልገው፣ ምናልባትም ከነጭራሹ ካሜራ ተሸክሞ መሄድ እንደማይወድ ይነግረዋል።

የሳንሱሲው ወጣት እስካሁን አልገዛም እንበል። ዕቁቡ የሚወጣለት በሚቀጥለው ወር ነው። የሚበጀው ያገለገለ፣ የሹተሩ ቁጥር የታየ፣ የካኖን ወይም የኒኮን ክሮፕ ቦዲ ነው፤ አሥር ዓመት ያለፈውም ቢሆን ይሠራል። ከዚያ አንድ ረጅም ሌንስ፣ ሻጋታው በስልክ መብራት የተፈተሸ። አንድ ትርፍ ባትሪ። ከዕቁቡ የተረፈው ገንዘብ ለሚቀጥሉት ዙሮች መጣያ ይቀመጥ፤ እናቱ ዋስ ናቸውና። ገፈርሳ ደግሞ ከሳንሱሲ ሩቅ አይደለም፤ ዝዮቹም ጠዋት ላይ ይገኛሉ።